ታላቅ ከበሮ መቺ የሚመዘነው በምንድን ነው?

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤ በዚህ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ መሥሪያ ቤቶች አሠራር የሚጻፉትን ደብዳቤዎች ዘወትር አነባለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ቀላል በሚመስል ክርክር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ቁም ነገር ስለሚገኝ፣ አሳቤን እስከ መጨረሻው እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ከእነርሱም ጋር አንዳንድ የሥራ ጓደኞቼ፣ «ከሮክ ሙዚቃ ከበሮ መቺዎች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» እያሉ መከራከር ከጀመሩ ሰንብተዋል። አንዱ ፈጣኑን ይጠራል፤ ሌላው ኃይለኛውን ይጠራል፤ ሦስተኛው ብዙ ከበሮ ደርድሮ በመካከሉ የሚቀመጠውን ያወድሳል። እኔ የታዘብኩት ግን ሁሉም ስለ ሰዎቹ ሲከራከሩ ስለ ሚዛኑ የሚጠይቅ አለመኖሩን ነው። ሚዛን ሳይያዝ ክብደት መናገር በገበያም ቢሆን አያስኬድም። ስለዚህ በበኩሌ አስቀድሜ ሚዛኑን፣ ቀጥሎም ፍርዴን አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የሮክ ከበሮ መቺ ሥራው ምንድን ነው? ይህ ሰው ሁለት እጆቹንና ሁለት እግሮቹን በአንድ ጊዜ ለየብቻ ያሠራል። በቀኝ እግሩ ትልቁን ከበሮ ይመታል፤ በግራ እግሩ ሁለት የናስ ሳሕኖችን ይከፍታል፣ ይገጥማል፤ በእጆቹም በያዛቸው በትሮች የቀሩትን ከበሮዎችና ሲምባሎች ይመታል። አብዛኛው የሮክ ዘፈን በአራት በአራት የሚቆጠር ሲሆን፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ጠንከር ተደርጎ ይመታል። ሰው ሳያስበው እጁን የሚያጨበጭበው በእነዚህ ሁለት ምቶች ላይ ነው።

ይህን አመታት በሸክላ ላይ ካስለመዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ የአሜሪካው የኒው ኦርሊንስ ተወላጅ ኧርል ፓልመር ነው። በ1949 ፋትስ ዶሚኖ «ዘ ፋት ማን» የተባለውን ዘፈን ሲያስቀርጽ፣ በ1955ም ሊትል ሪቻርድ «ቱቲ ፍሩቲ»ን ሲያስቀርጽ ከበሮውን የመታው እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ በስቱዲዮ ተቀጥረው የሚያጅቡ ሙዚቀኞች ስማቸው በሸክላው ላይ የመጻፍ ልማድ ስላልነበረው፣ በእሱ ምት የጨፈረው ሕዝብ አብዛኛው ማንነቱን አላወቀም። በሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ስሙ የሰፈረው በ2000 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜው ሰባ አምስት ዓመት ደርሶ ነበር። እንግዲህ የዚህ ሙያ ታሪክ ገና ሲጀመር ብዙ የሠራ ሰው ብዙ ሳይታይ የሚኖርበት ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ በኋላ ወደ ዕጩዎቹ እንለፍ። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2016 የመቶ ታላላቅ ከበሮ መቺዎችን ዝርዝር ሲያወጣ፣ አንደኛ ጆን ቦነምን፣ ሁለተኛ ኪዝ ሙንን፣ ሦስተኛ ጂንጀር ቤከርን፣ አራተኛ ኒል ፐርትን አድርጎ ነበር። የትምህርት ቤታችን ተከራካሪዎችም ከእነዚህ ከአራቱ እምብዛም አይወጡም።

ጆን ቦነም የሌድ ዜፕሊን ከበሮ መቺ ነበር። በአንድ እግር፣ በአንድ ፔዳል የሚያወጣውን ምት ሌሎች በሁለት እግር ለማውጣት ይቸገራሉ። «ሞቢ ዲክ» በሚባለው ዜማ በመድረክ ላይ ጓደኞቹ ወርደው እሱ ብቻውን ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚመታበት ጊዜ ነበር፤ በትሮቹን ጥሎ በባዶ እጁም ይመታ ነበር። አድናቂዎቹ ስለ ታላቅነቱ ሲናገሩ ይህን ይጠቅሳሉ። እኔ ግን ታላቅነቱን በሌላ ቦታ አገኘዋለሁ። በ1971 በወጣው «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» በተባለው ዘፈን ከበሮው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ የእንግሊዝ ቤት ደረጃ ሥር ተቀመጠ፤ ሁለት ማይክሮፎኖችም ከላይ ተሰቀሉ። ቦነም በዚያ ዘፈን አልተጣደፈም። ምቱ የዘገየና የከበደ ነው፤ የቀሩት ሦስቱም በእሱ ላይ እንደ መሠረት ቆመው ይጫወታሉ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ የከበሮ ድምፅ እየቀዱ በራሳቸው ሥራ ውስጥ ያስገቡ ሙዚቀኞች ጥቂት አይደሉም።

ኪዝ ሙን የዘ ሁ ሰው ነበር። እሱ ምት ጠባቂ ብቻ መሆንን አልወደደም፤ ዘፋኙ ሲዘፍን ከበሮውም አብሮ ይናገራል። ከሌላው ሰው ቢሆን ዘፈኑን የሚያፈርሰው ነገር ከእሱ ሲወጣ ዘፈኑን ሕያው ያደርገው ነበር። ዳሩ ግን በኅዳር ወር 1973 በካሊፎርኒያ በተደረገ ዝግጅት ላይ ራሱን ስቶ ስለ ወደቀ፣ ከተመልካቾች መካከል አንድ ወጣት ተጠርቶ የቀሩትን ጥቂት ዘፈኖች እንዲመታ ሆኗል። በ1978 ከመጠጥ ለመላቀቅ የታዘዘለትን መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ ሞተ። ጆን ቦነምም በ1980 ከመጠን በላይ ጠጥቶ በተኛበት ቀረ። ሁለቱም ሲሞቱ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ነበር። እኔም በዚያው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ቁጥር በቀላሉ አላልፈውም። በሰው ውድቀት የሙያ ማርክ መቀነስ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ምት የሚጠብቅ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው በቦታው መገኘት መሆኑን ማን ይክዳል?

ጂንጀር ቤከር ከ1966 እስከ 1968 በቆየው ክሪም በተባለው ጓድ የታወቀ ሲሆን፣ መሠረቱ ጃዝ ነበር፤ የሮክ ከበሮ መቺ ሲሉትም አይወድም ነበር። በ1971 የሰሃራን በረሃ በመኪና አቋርጦ ሌጎስ ገባ፤ ከፌላ ኩቲም ጋር ሠራ። የአፍሪካን ምት ባለበት ሄዶ ለመስማት ይህን ያህል የደከመ ሰው ምስጋና ይገባዋል። የካናዳው ኒል ፐርት ደግሞ በ1974 ወደ ረሽ ጓድ ከገባ በኋላ የጓዱን አብዛኛውን ግጥም ሲጽፍ የኖረ አንባቢ ሰው ነበር። እኔን በመምህርነቴ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ ፍሬዲ ግሩበር ወደሚባል አስተማሪ ሄዶ የበትር አያያዝን ከመጀመሪያው እንደ ተማሪ መማሩ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

እንግዲህ ሚዛኑ ምንድን ነው? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር መዝሙር ያስጠኑን የነበሩት መምህር፣ ከበሮ የሚይዘውን ልጅ የሚመርጡት እጁን አይተው አልነበረም። ሌሎች ሲዘምሩ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ይመለከቱ ነበር። ወደ መዘምራኑ የሚያየውን ይመርጣሉ፤ ወደ ገዛ እጁ የሚያየውን ይተዉታል። እኔም ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። ከበሮ መቺ የሚመዘነው ሌሎች ዝም ሲሉ ብቻውን በሚያሳየው ነገር ሳይሆን፣ እሱ በመኖሩ ሌሎች ሊሠሩት በቻሉት ነገር ነው።

በዚህ ሚዛን ስመዝን ፍርዴ በቢትልሱ በሪንጎ ስታር ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። ጓደኞቼም ስቀውብኛል። ሲስቁም ጆን ሌነን ራሱ ሪንጎን በቢትልስ ውስጥ እንኳ የመጀመሪያው ከበሮ መቺ አይደለም ብሎታል በማለት ይጠቅሳሉ። ይህ አባባል ግን ሌነን የተናገረው አይደለም። ሌነን በ1980 ከተገደለ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በቀልድ መልክ የተነገረ ነው። ቀልዱ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ማስረጃ ሆኖ ቀረ። በክርክር ውስጥ የሚጠቀስ ቃል ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ተናገረው መጠየቅ እንዳለበት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን እውነተኛውን ማስረጃ እንይ። ሪንጎ በልጅነቱ በበሽታ ምክንያት ብዙ ጊዜ በሐኪም ቤት ተኝቶ ስለ ነበር ትምህርቱን በወጉ አልተከታተለም፤ ከከበሮ ጋር የተዋወቀው በሳንባ በሽታ ተኝቶ ሳለ፣ ለሕሙማን ልጆች በተሰጠ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ግራኝ ሆኖ ለቀኝ እጅ በተደረደረ ከበሮ ስለሚመታ፣ ከአንዱ ከበሮ ወደ ሌላው ሲሻገር አመጣጡ ከሌላው ሰው የተለየ ነው። በ1966 በወጣው «ሬይን» እና በ1969 በወጣው «ከም ቱጌዘር» ከበሮውን ብቻ ለይቶ የሰማ ሰው ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ከቢትልስ ጋር በስቱዲዮ ብቻውን የመታው አንድ ጊዜ፣ «ዘ ኤንድ» በተባለው ዘፈን ውስጥ ሲሆን፣ እሱም አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ብቻውን መታየትን አይወድም ነበርና።

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው ምስክር አብረውት የሠሩት ሰዎች ናቸው። በሰኔ 1964 ሪንጎ በጉሮሮ በሽታ ሐኪም ቤት ሲገባ፣ ጆርጅ ሃሪሰን ያለ ሪንጎ ለጉዞ አልነሣም ብሎ በብዙ ልመና ነው የተነሣው። በነሐሴ 1968 ደግሞ ሪንጎ ተቀይሞ ከጓዱ ወጣ። ፖል ማካርትኒ ከበሮውን እየመታ ሥራው ቀጠለ፤ ዘፈኖችም ተቀረጹ። ይህን አይተው «እንግዲያው ማንም ሊመታው ይችላል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሦስቱ ጓደኞቹ እንዲህ አላሉም። እንዲመለስ ለመኑት፤ በተመለሰም ጊዜ ከበሮው በአበባ አጊጦ ጠበቀው። ሥራውን በቅርብ ያወቁ ሰዎች የሰጡት ፍርድ ይህ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ የሮሊንግ ስቶንሱን ቻርሊ ዋትስን አኖራለሁ። ይህ ሰው ቀድሞ የማስታወቂያ ሥዕል ሠራተኛ የነበረ፣ በአለባበሱ ጨዋ፣ ከበሮው ጥቂት፣ ንግግሩም ጥቂት ሆኖ፣ ከ1963 ጀምሮ በ2021 እስከ ሞተበት ዕለት የዚያው ጓድ አባል እንደሆነ ኖረ። በፊቱ የሚዘልሉት ሁሉ ሊዘልሉ የቻሉት እሱ በስፍራው ስለ ተቀመጠ ነው።

እርግጥ ነው፣ በኃይልና በድምፅ ግርማ ቦነም ከሪንጎ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። ሌድ ዜፕሊንም ቦነም በሞተ ጊዜ ሌላ ሰው ተክቶ ከመቀጠል መፍረስን መርጧል፤ ይህም በእኔው ሚዛን ታላቅነቱን ይመሰክርለታል። ነገር ግን ያን ኃይል ይዞ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ከመታበት ይልቅ፣ በዚያ ደረጃ ሥር ለሦስት ጓደኞቹ የመታው ይበልጥብኛል። ሪንጎን ያስቀደምኩት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለዘፈኑ ስለ መታ ነው። «ይህንማ እኔም እመታዋለሁ» ለሚል ወጣት ደግሞ አባቶቻችን በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ብለዋል። ይሞክረውና ይንገረን።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዘፈን ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ተማሪዎቻችን ታላቅነትን በጩኸት፣ በፍጥነትና በብዛት መለካት ከለመዱ፣ ነገ ወደ ሥራ ሲገቡ ያንኑ ሚዛን ይዘው ይገባሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አንባብያን ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን በቦታው ሲያኖር የሚያመሰግነው የለም፤ አንድ ቀን ሲቀር ግን ባለጉዳዩ ሁሉ በኮሪደር ይሰለፋል። በስብሰባ ላይ ብዙ የተናገረው ስሙ ይነሣል፤ ቃለ ጉባኤውን በትክክል የያዘው አይነሣም። ለእነዚህ ሰዎች ማንም አበባ አጊጦ አይጠብቃቸውም። ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ሰው ለይተው ማየት እንዲችሉ ጆሯቸውን ከአሁኑ ማስለመድ ይገባናል፤ ከዘፈን መጀመርም ይቻላል።

ከእኔ የተለየ አሳብ ያለው አንባቢ ቢኖር በዚሁ ዓምድ መልስ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጋብዛለሁ። ብቻ የሚደግፈውን ሰው ስም ከመጥራቱ አስቀድሞ በምን እንደ መዘነው ይንገረን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ