አንቲቫይረስ ብቻውን አይበቃም

አንቲቫይረስ የሚያውቀውን ሌባ ይይዛል። የዊንዶውሱ አፕሎከር ግን በተፈቀዱት መዝገብ ላይ የሌለ ፕሮግራም ጭራሽ እንዳይነሳ ያደርጋል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ አለ።

ፈቃድ የምትሰጡት በፎልደር፣ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ወይም በፋይሉ ሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ አሻራ) ነው። ሃሽ ጥብቅ ነው፤ ፕሮግራሙ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ግን እንደገና መመዝገብ ያሰለቻል። ፎልደር ይቀላል፤ ሠራተኛው ፋይል መገልበጥ የሚችልበት ፎልደር ከተፈቀደ ግን ከፍላሽ የመጣውም ቫይረስ እዚያ ገብቶ ይነሳል። እኔ ፊርማን እመርጣለሁ፤ ሃሽን ፊርማ ለሌላቸው አሮጌ ሶፍትዌሮች ብቻ።

አንዴ አፕሎከርን ሳልሞክር በቀጥታ አብርቼው የደመወዝ ሶፍትዌሩ አልከፈት አለ። ያውም በወር መጨረሻ! አሁን መጀመሪያ ኦዲት ሞድ ላይ አደርገዋለሁ፤ ምንም ሳያግድ፣ ሊያግድ የነበረውን ኢቨንት ቪውወር ላይ ይጽፍልኛል። 8003 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ።