ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ

«ሕዝቡ ቁም ነገር ጠልቷል፤ የሚፈልገው ወሬና ቀልድ ነው» የሚሉ የጋዜጠኝነት ሙያ ሰዎች እየበዙ ነው። እኔ አልስማማም። እኛ ለቡ ሰፈር ያለን ሰዎች በታክሲ ሰልፍም ሆነ በዕድር ስብሰባ የምናወራው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መንገድ ሥራ፣ ስለ ፈረሳ፣ ስለ ሰላም ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ቁም ነገር አለ? ሰው የሸሸው ተጀምሮ የማያልቀውን ዜና ነው።

ምሳሌዬ ከሰፈራችን ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር እዚሁ ፉሪ-ለቡ ጣቢያ ተመረቀ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ኢትዮጵያና ጅቡቲ አብዛኛውን ወጪ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ተበድረው ያሠሩት መስመር ነው። የሪባኑ መቆረጥ በየቴሌቪዥን ጣቢያው ታየ። መደበኛ የንግድ አገልግሎቱ የጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት መራዘሙን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰማን። ባቡሩን ሲያስተዳድሩ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ኃላፊነቱን ያስረከቡት ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው።

እነዚህ ሁሉ ተዘግበዋል፤ ግን እንደ ተበጣጠሰ መግለጫ። ገቢው ዕዳውን ይሸፍናል ወይ? ስንት ዕቃ ያመላልሳል? መንገደኛው ከመሀል ከተማ ጣቢያው ድረስ በምን ይምጣ? የለቡ ነዋሪ የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱን ለማግኘት ጋዜጠኛው ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ ደጋግሞ መመለስ አለበት።

ለምን አይመለስም? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ዝግጅቱን የጠራው መሥሪያ ቤት መኪና ያቀርባል፣ ውሎ አበል ይከፍላል፤ በራሱ ጥያቄ ተነሥቶ ለሚሄድ ዘጋቢ ግን የሚከፍልለት የለም። ሌላው ፍርሃት ነው፤ ከምርጫ 97 በኋላ ስንቱ ጋዜጣ ተዘጋ፣ ስንቱ ጋዜጠኛ ታሰረ! የፖለቲካ ትንታኔ የተራበውን አንባቢ ያገኘችው «አዲስ ነገር» ጋዜጣ በ2000 ዓ.ም. ተጀምራ በ2002 ዓ.ም. ቆመች፤ አዘጋጆቿም ተሰደዱ። ከ2010 ዓ.ም. የፖለቲካ ለውጥ በኋላ የመጣው ተስፋም አልቆየም። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት በሚያወጣው የፕሬስ ነፃነት ደረጃ፣ ከ180 አገሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2020 99ኛ የነበረችው ኢትዮጵያ በ2025 145ኛ ሆናለች።

አንባቢው ሰነፍ ነው ለሚሉ ደግሞ የአራት ኪሎን የጋዜጣ ኪራይ ላስታውሳቸው። መግዣ ያጣ ሰው ሳንቲም ከፍሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጋዜጣውን ከፊት ገጽ እስከ ማስታወቂያው አንብቦ ለአዟሪው ይመልስ ነበር። አንዷ ቅጂ በስንት እጅ ትዞር እንደነበር ያየ ሰው ይህን ሕዝብ ማንበብ አይወድም ብሎ ሊናገር አይችልም። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ሲንር፣ ጋዜጦች ሲመናመኑ፣ ያ አንባቢ ወደ ስልኩ ሄደ። ስልኩ ላይ ፈጣን ዜና አገኘ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያላቸው የቴሌግራም ቻናሎች መኖራቸው የሰው የመረጃ ጥማት እንዳልጠፋ ያሳያል። ነገር ግን አራት መስመር ጽሑፍ የባቡር ዕዳ አይመረምርም። ለዚያ ሰነድ የሚያገላብጥ፣ ሳምንታት የሚፈጅ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው፤ ይህን ቻናል ለምታነቡ። ከምታምኑበት ጋዜጣ ወይም መጽሔት አንዱን መርጣችሁ በገንዘባችሁ ግዙ። ስለ ሰፈራችሁ ምላሽ ያጣ ጥያቄ ካላችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ፤ ካልተመለሰ ደግማችሁ ጻፉ። ምንጩ ያልተጠቀሰ ዜና፣ እኔ የለጠፍኩት ቢሆን እንኳ፣ ሼር አታድርጉ።