ለአዋቂ የተፈቀደ፣ ለልጅ የተከለከለ እንባ

በጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ለቅሶ ላይ ያለቀሰን ወንድ የሚነቅፍ የለም። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ጢሙ የሸበተ ገበሬ ደረቱን እየደቃ ያነባል፤ እንዲያውም "ምነው ጨከነ" የሚባለው ያላለቀሰው ነው። እዚያው ለቅሶ ላይ አባቱ የሞተበት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። አጎቱ ትከሻውን ይዞ "አይዞህ፣ ከእንግዲህ የአባትህ ምትክ አንተ ነህ፤ አታልቅስ፣ እናትህን ሆድ ታስብሳታለህ" ይለዋል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ልጁም እሺ ብሎ ከንፈሩን ነክሶ ይቀመጣል። ያ የተዋጠ ሐዘን የት ይሄዳል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ለዓመታት ሲመረምሩ ቆይተዋል።

በመጀመሪያ፣ ወንድ ልጅ ሲፈጠርም ደንዳና ነው የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶች የስድስት ወር ሕፃኖቻቸውን ለጥቂት ጊዜ ፊታቸውን ሳይፈቱ ዝም ብለው እንዲያዩ ተደረገ። ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ሕፃናት ይነጫነጩ፣ ይቆጡ፣ "አንሡኝ" የሚሉ ይመስል ይንጠራሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ 166 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ስሜታቸውን በሚገልጹበት መንገድ ያለው ልዩነት በጥቅሉ ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ በልጁ ዕድሜና አብሮት ባለው ሰው ይለዋወጣል። ከዚህ የምረዳው ዝምታው በአብዛኛው የሚለመድ ነገር መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ተዋጠው ስሜት። እ.ኤ.አ. በ1993 ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የክንድ መቆረጥ ቀዶ ሕክምናን የሚያሳይ ፊልም አቀረቡ። ከፊሎቹ እንደ ልባቸው እንዲያዩ ተተዉ፤ ከፊሎቹ ግን ፊታቸው ላይ ምንም እንዳይነበብ እንዲጠነቀቁ ታዘዙ። የታዘዙት ፊታቸውን መቆጣጠሩ ተሳክቶላቸዋል። የሚሰማቸው ስሜት ግን አልቀነሰም። ከቆዳቸው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር፦ የእጃቸው ላብ ጨመረ፣ የጣታቸው የደም ሥሮች ጠበቡ፤ አደጋ ሲመጣ ሰውነትን የሚያነቃው የነርቭ ሥርዓት ከሌሎቹ ይልቅ በርትቶ ሠራ። ወንዶቹም ሴቶቹም እንዲሁ ነበሩ። ፊት ዝም ሲል ሰውነት ዝም አይልም ማለት ነው። በኋላ የመጡ ሙከራዎች ደግሞ ስሜቱን እየዋጠ የሚያይ ሰው የሰማውን ነገር በደንብ እንደማያስታውስ አሳይተዋል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አስተማሪው የሚለውን በአእምሮው ስለማይዝ ልጅ ሳስብ፣ ይህ ግኝት ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል።

ከስሜቶች ሁሉ ለወንድ ልጅ ያልተከለከለው ቁጣ ብቻ ነው። ቢቸና የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ናት፤ እዚያ ያደገ ልጅ ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ነው የሚያድገው። ይህን የምለው ጀግንነትን ላኮስስ አይደለም፤ አርበኛም ቢሆን ይፈራል፣ ጓዱን ሲቀብር ያለቅሳል። የሚያሳስበኝ ልጁ ከዚያ ሁሉ ለራሱ የሚያስቀረው ቁጣውን ብቻ ሲሆን ነው። ክፍል ውስጥ ተሰድቦ ያፈረው ልጅ "አፈርኩ" አይልም፤ ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ታናሹን ይመታል። ውሻው የሞተበት እረኛም "ከፋኝ" ከማለት ይልቅ ከብቶቹን በዱላ ይቀጠቅጣል። ትልቆቹ የሚያዩት ዱላውን ነው፤ የሚቀጡትም ስለ ዱላው ነው።

ስሜትን በስሙ መጥራት ምን እንደሚያደርግ የተመራማሪው የማቲው ሊበርማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በአንጎል ምርመራ አሳይቷል። ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት ሲያዩ፣ አደጋን ቶሎ የሚያስተውለው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ይነቃል። ከቀረቡላቸው ቃላት መካከል "ቁጣ" ወይም "ፍርሃት" ብለው ለስሜቱ ስም ሲመርጡ ግን የአሚግዳላ እንቅስቃሴ ቀነሰ፤ ከግንባር በስተ ቀኝ ያለውና ግፊትን የሚገታው ክፍል በረታ። አማርኛ ለዚህ ቃል አያጣም፦ ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ናፈቀኝ፣ አፈርኩ፣ ፈራሁ። ልጁ እነዚህን ቃላት ከእናቱና ከእኅቱ አፍ በየቀኑ ይሰማል። ከአባቱ አፍ ሰምቷቸው ያውቃል ወይ?

ብዙዎቻችን ወንዶች ልጆች የማይናገሩት ስለሚያፍሩ ይመስለናል። የተመራማሪዋ የአማንዳ ሮዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 2,000 የሚጠጉ ልጆችንና ታዳጊዎችን ጠይቆ ያገኘው ሌላ ነው። ወንዶቹ ስለ ችግራቸው ማውራትን ከሴቶቹ የበለጠ አላፈሩበትም፤ "ጊዜ ማባከን ነው፣ ምንም አይፈይድም" የሚሉት ግን በዙ። ስለዚህ አስቀምጦ "ንገረኝ እንጂ!" ብሎ ማፋጠጥ "ምንም አልሆንኩም" የሚል መልስ ያመጣል። ጤፍ እያረሙ፣ በሬ እየነዱ ወይም ከሞጣ ገበያ ጎን ለጎን እየተመለሱ ግን ወሬ ቀስ እያለ ይወጣል። አባት ቀድሞ "እኔም በአንተ ዕድሜ አባቴ ሲሞት ሌሊት ሌሊት እፈራ ነበር" ቢል ደግሞ የበለጠ ይቀላል። ልጁ ሲናገር መስማት ይበቃል፤ ወዲያው ምክር ማዝነብ፣ ይልቁንም የነገረውን ለጎረቤት ማውራት፣ በሩን መልሶ ይዘጋዋል። የነፍስ አባት ምስጢር ጠብቆ የሚሰማበት ባህል ያለበት አገር ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በቡድን መወያየትም በአገራችን ተሞክሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው ወጣት ወንዶች ስለ ወንድነት፣ ስለ ጥቃትና ስለ ፍቅር ግንኙነት ተሰብስበው እንዲወያዩ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ፕሮግራሙ በደረሰባቸው ክፍለ ከተሞች በፍቅር ጓደኛቸው ላይ ጥቃት እንዳደረሱ የሚናገሩ ወጣቶች ቀንሰዋል፤ ለማነጻጸሪያ በተያዘው ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ የሚሆን ክበብና ሰዓት አላቸው።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጎጃም ውስጥ ተኩስ እየሰሙ ያደሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ጉዳዩ የሕይወትም ጉዳይ ነው፦ በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉት ሰዎች ወንዶች ከሴቶች ከእጥፍ በላይ እንደሚሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከጓደኞቹ ከተለየ ወይም በቅዠት እየጮኸ ከተነሣ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይዞት መሄድ ያስፈልጋል። ስለ ሞት ከተናገረ ደግሞ የዚያኑ ዕለት፤ እስኪሄዱም ብቻውን አይተውት። ጠበል የሚወስዱት ቤተሰቦችም ሕክምናውን ጎን ለጎን ሊያስኬዱት ይችላሉ።