የዘይት ጠብታ ሁለት ጠባቂዎች፦ የግራር ሙጫና ሰርፋክታንት



እርጎ ሲናጥ ቅቤው የሚወጣው የስብ ጠብታዎቹን ለያይቶ ያቆየው ስስ ሽፋን ስለሚቀደድ ነው። የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሽፋኑ እንዳይቀደድ ምን እናድርግ?

ዘይት በውኃ ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች ሲበተን ኢመልሽን እንለዋለን። ጠብታዎቹ ግን ዘወትር ተመልሰው ለመዋሐድ ያዘነብላሉ። ይህን የሚገቱ ሁለት ዓይነት ጠባቂዎች አሉ። ሰርፋክታንቶች ትናንሽ ሞለኪውሎች ስለሆኑ ወደ ጠብታው ገጽ ፈጥነው ይደርሳሉ፤ በሚበጠበጥበት ጊዜም ጠብታው እንዲደቅቅ ይረዳሉ። የድቀቱ ጥቅም ቀላል አይደለም፤ በስቶክስ ሕግ መሠረት የጠብታው ራዲየስ በግማሽ ሲቀንስ ወደ ላይ የመንሳፈፍ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጠባቂ አካሺያ ሴኔጋል ከተባለው ግራር የሚገኘው ሙጫ ነው። ይህ ግዙፍ ፖሊመር ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከደረሰ ግን ጽኑ ነው። በውስጡ ያለው 2 በመቶ ገደማ የሚሆን ፕሮቲን ዘይቱን የሙጥኝ ሲል፣ ከፕሮቲኑ ጋር የተያያዙት የስኳር ሰንሰለቶች ወደ ውኃው ተዘርግተው ጠብታዎቹ እንዳይቀራረቡ ያግዳሉ። የብርቱካን መዓዛ ዘይት በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ተበትኖ የሚቆየው በዚህ መንገድ ነው።

«እንግዲያው ሁለቱን ብንቀላቅል የበለጠ አይጸናም?» ትሉ ይሆናል። በተማሪነቴ እኔም እንዲሁ አስቤ፣ በሙጫ ወደጸና ኢመልሽን ፖሊሶርቤት 80 አብዝቼ ጨመርሁ። በማግስቱ ከላይ ወፍራም ንጣፍ ተጋግሮ አገኘሁት። ሁለት ነገር ዘንግቼ ነበር። አንደኛ፣ ሰርፋክታንት ሲበዛ ሙጫውን ከጠብታው ገጽ ያፈናቅላል። ሁለተኛ፣ ቦታ ያጣው ትርፍ ሰርፋክታንት በውኃው ውስጥ ማይሴል ይሠራል፤ ማይሴሎቹ በተቀራረቡ ጠብታዎች መካከል መግባት ስለማይችሉ ከውጭ እየተጫኑ ጠብታዎቹን ያጓጉላሉ።

ስለዚህ ሙጫው አስቀድሞ ገጹን ይያዝ፤ ሰርፋክታንቱን ከጥቂት ጀምራችሁ በደረጃ ጨምሩ፤ የጠብታውን መጠን በየዕለቱ ለኩ።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ በር አያልፍም አትበሉ። በቦረና ቆላ የሚለቀመው ሙጫ በአብዛኛው ጥሬውን ወደ ውጭ ይላካል። እዚሁ ወደ ምርት እንለውጠው ካልን፣ ሙጫው መኖሩ ብቻውን አይበቃንም፤ ልኩን ማወቅ ይኖርብናል።