ፊደል መቁጠርና ማንበብ አንድ አይደሉም

«ፊደል ቆጥሯል» ሲባል ተምሯል፣ ማንበብ ያውቃል ማለት ነው። በአነጋገራችን ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ይታያሉ። በክፍል ውስጥ ግን ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። አንድ የ1ኛ ክፍል ልጅ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ገበታ በዜማ ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። ወላጅ ይደሰታል፤ መምህሩም «ይኸስ ገብቶታል» ብሎ ያልፈዋል። ያንኑ ልጅ ጠርተን «ቢ» የተጻፈባትን ካርድ ነጥለን ብናሳየው ግን «በ፣ ቡ…» ብሎ ከራስጌው ካልተነሣ በቀር መልሱን አያገኘውም። ታዲያ ይህ ልጅ ያወቀው ምኑን ነው? ዜማውን ነው። ፊደሉን ገና አላወቀም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ልጁ ክፍል በጨመረ ቁጥር ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ሌላውም ትምህርት በንባብ ይመጣበታል። ማንበብ ያልቻለ ልጅ በአንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቆይቶም ትምህርት ቤቱን ይተዋል። ለማስተማር ልምምድ ወደ ሽንፋ፣ ወደ መተማና ወደ ሌላው የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚወጣ ሠልጣኝ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ይኸው ነው።

የቀድሞ መምህራን ያውቁት ነበር

ፊደልን በዜማ መሸምደድ ብቻውን እንደማይበቃ የቤተ ክህነት መምህራን ከጥንት ጀምሮ ተገንዝበውታል። ልጁ ሀሁን በተራው ከወረደ በኋላ ወደ «አቡጊዳ» ይሻገራል። አቡጊዳ ማለት «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ከአንዱ ቤት ግዕዙን፣ ከሌላው ካዕቡን፣ ከሚቀጥለው ሣልሱን እያነሣ የሚሄድ ገበታ ነው። በዚህ ጊዜ የለመደው ተራ ይሰበራል፤ ልጁም ዐይኑን ከፊደሉ ላይ እንዲያሳርፍ ይገደዳል። ከዚያም ፊደለ ሐዋርያን፣ ቆየት ብሎም ዳዊትን ያነባል። ንባቡን ሲያካሂድ የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አጠገቡ ሆኖ እያንዳንዷን ቃል ያዳምጠዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ብልሃት አለ። አንደኛው ተራውን አፍርሶ መፈተን ነው፤ ሁለተኛው ልጁን ለብቻው ማዳመጥ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የሚነበበው ግዕዝ በመሆኑ ልጁ ያነበበውን ሳይረዳው ብዙ ጊዜ መቆየቱ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ገበታውንና ዜማውን ወርሶ፣ 60 እና 70 ልጆች በአንድ ክፍል ሲታጨቁ ግን ሁለቱን ብልሃቶች በየመንገዱ ጣላቸው።

ጥናቱ ምን አሳየ?

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች፣ በስድስት ቋንቋዎች፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተመርምሮ ነበር። ምርመራው በወረቀት ፈተና የተካሄደ አልነበረም። መርማሪው ልጁን ለብቻው አስቀምጦ ፊደል፣ ቃልና አጭር ታሪክ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርገዋል፤ በመጨረሻም ስለ ታሪኩ ይጠይቀዋል። ውጤቱ ከክልል ክልል ቢለያይም፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህም ከታየ በኋላ በሰባት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አዲስ የንባብ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት ተዘጋጁ።

ለመሆኑ ማንበብ ምንድን ነው? ጋፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በማባዛት ምሳሌ አስረዱት። የንባብ ችሎታ ማለት ፊደሉን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታ፣ ሲባዛ ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ ነው። እንግዲህ በሒሳብ እንደምናውቀው ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ፊደል ሳይለይ ቋንቋውን ብቻ የሚያውቅ ልጅ አያነብም፤ ፊደል እየለየ ቋንቋውን የማያውቅም አያነብም።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ሀ/ ጆሮ ይቅደም። ልጁ በእጁ ጠመኔ ከመያዙ በፊት ቃል ከድምፅ የተሠራ መሆኑን በጆሮው ይለይ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ጨዋታ ነው። «ሰሊጥ በምን ይጀምራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቀጥሎም «ከ‹ሰሊጥ› ላይ ‹ሰ›ን ብንወስድ ምን ይቀራል?» ማለት። «ሊጥ!» ብለው ይስቃሉ፤ በሳቁ ውስጥ ግን ትልቅ ነገር ተምረዋል። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ለ/ ጥቂት ፊደል፣ ወዲያው ቃል። 33ቱን ቤት በሰባት ስናባዛ 231 ፊደል ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ልጁ ይህን ሁሉ እስኪጨርስ ቃል ሳያነብ ከቆየ ትምህርቱ ይሰለቸዋል፤ ለምን እንደሚማርም አያውቅም። «ላ፣ ም፣ በ፣ ቤ፣ ት፣ ች» የሚሉትን ስድስት ብቻ እናስተምረው። በእነዚህ «ላም»፣ «ቤት»፣ «በላ»፣ «በላች» ብሎ ያነባል፤ ዐረፍተ ነገርም ይሠራል፤ «ላም በላች»። ስድስት ፊደል ይዞ አንባቢ ሆነ ማለት እኮ ነው! ገበታው ከግድግዳው አይውረድ፤ ነገር ግን የትምህርቱን ቅደም ተከተል እሱ አይወስነው።

ሐ/ የፊደሉን ሥርዓት እናሳይ። ፊደላችን እንዲሁ የተበተነ አይደለም። ካዕቡ በአብዛኛው በቀኝ ጎኑ ቅጥያ ያወጣል፤ «ቡ፣ ሉ፣ ሱ»። ሣልሱ ቅጥያውን ከእግሩ ሥር ያደርጋል፤ «ቢ፣ ሊ፣ ሲ»። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ «ቤ፣ ሌ፣ ሴ»። ይህን ያስተዋለ ልጅ ያልተማረውንም ፊደል በግምት ይደርስበታል። ሳድሱና ሳብዑ ግን ከቤት ቤት መልካቸው ስለሚለዋወጥ ለእነሱ ረዘም ያለ ልምምድ ያስፈልጋል።

ጽሕፈታችን የማይነግረን ነገርም አለ። «ሽንፋ» ስንል «ሽ» እና «ን» ሁለቱም ሳድስ ናቸው፤ ሆኖም «ሽ» አናባቢ ይዛ ስትነገር «ን» ያለ አናባቢ ትነገራለች። «መተማ» ውስጥ «ማ» ጠብቃ እንደምትነበብ ምልክት የለባትም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልደረሰም» እንደምንለው ነው። ልጁ ይህን የሚለየው ቃሉን አስቀድሞ በአፉ ሲያውቀው ነው። ስለዚህ ሲሳሳት ከመቆጣት ይልቅ «እንዲህ የሚባል ቃል ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መ/ ጽሕፈት ከንባብ አይለይ። ከሰሌዳ መገልበጥ እጅን ያለማምዳል እንጂ መጻፍን አያስተምርም። በየቀኑ ሦስት አራት ቃል የቃል ጽሕፈት እንስጥ። የልጁ ስሕተት ለመምህሩ መረጃ ነው። «ሰሊጥ»ን «ስሊጥ» ብሎ የጻፈ ልጅ ቤቱን አውቆ እርባታውን ስቷል። «ሠሊጥ» ብሎ የጻፈው ድምፁን በትክክል ሰምቷል፤ የቀረው ሁለቱ «ሰ»ዎች የትኛው የት እንደሚገባ ማወቅ ነው። «ሽንፋ»ን «ሽፋ» ያለው ደግሞ በመካከል ያለችውን «ን» በጆሮው አልለያትም። ሦስቱንም በአንድ ቀይ ጭረት ሰርዘን ካለፍን ሦስቱንም አላስተማርናቸውም።

ሠ/ ቋንቋው በቃል ይቅደም። በዚህ ቆላ በቤታቸው ጉሙዝኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መሠረት ጥሏል። ሆኖም እንዲህ ያለ ልጅ በአማርኛ ክፍል ውስጥ ሲገኝ ቀደም ሲል ያየነውን የማባዛት ምሳሌ እናስታውስ። «ላም»ን ፊደል ለይቶ ቢያነብ እንኳ ላም ምን እንደሆነች ካላወቀ ንባቡ ዜሮ ነው። ስለሆነም ቃሉን በዕቃው፣ በሥዕሉ፣ በእንቅስቃሴው አስቀድሞ በአፉ ይልመደው። ዝም ማለቱን እንደ ድንቁርና አንቁጠርበት።

ረ/ ልጁን ለብቻው እናዳምጥ። «በ60 ልጅ እንዴት ይቻላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ይታወቃል። በቀን አምስት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደቂቃ ብናዳምጥ በ12 የትምህርት ቀን ሁሉንም እናዳርሳለን። ካርዶቹን አመሳቅለን ፊደል፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር እናስነብብ፤ ያወቀውንና የሳተውን በደብተራችን እንመዝግብ። ይህ የኔታ ያደርጉት የነበረው ነው። ፍጥነቱን የምንመለከተው ለውድድር አይደለም። በጣም እየተጎተተ የሚያነብ ልጅ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል፤ ስለዚህ ትርጉም አያገኝም።

ሰሊጥ ሲደርስ

የቆላው ትምህርት ቤት የራሱ የሆነ ችግር አለው። ሰሊጥ የሚታጨደው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ሳይረግፍ በፊት መታጨድ ስላለበት ሥራው ቀጠሮ አይሰጥም። ትምህርት የሚከፈተውም በዚሁ ወቅት ነው። ኅዳር ላይ የመጣ ልጅ ክፍሉ «ነ» ቤት ደርሶ ቢያገኘው ከኋላ ሆኖ ዜማውን እየተከተለ አፉን ከማንቀሳቀስ በስተቀር ምን ያደርጋል? መፍትሔው ልጁን በመጣበት ቀን አዳምጦ ያለበትን ማወቅና በችሎታ ከሚመሳሰሉት ጋር ለጥቂት ሳምንታት በቀን ግማሽ ሰዓት ለብቻ ማስተማር ነው። ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት ልጆችን በዕድሜያቸው ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት መጠን እየመደበ ማስተማር እንደሚያዋጣ በተደጋጋሚ ጥናት አሳይቷል።

ድህነትና ሙቀት ባለበት አገር ይህ ይሳካል ወይ ለሚል፣ ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ከሆነችው ከብራዚል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሶብራል በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዝናም በሚያጥረው በሴያራ ክፍለ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 ልጆቿ ሲመረመሩ 2ኛ ክፍል ከጨረሱት ግማሽ ያህሉ ማንበብ አይችሉም ነበር። ከተማይቱ ሕፃናትን ማስነበብን የመጀመሪያ ግቧ አደረገች። መምህራን በየጊዜው ሠለጠኑ፤ እያንዳንዱ ልጅ በየመንፈቁ ጮክ ብሎ እያነበበ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአገር አቀፉ መመዘኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከአምስት ሺህ ከሚበልጡት የብራዚል ማዘጋጃ ቤቶች አንደኛ ወጣች።

የእኛም ታሪክ ያስተምራል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ሆኖም ከዘመቻው በኋላ የሚያነቡት አጥተው ያወቁትን የረሱ ጥቂቶች አይደሉም። ንባብ እስኪቀልል ካልተለማመዱት ይጠፋል።

እንግዲህ ሠልጣኝ ጓደኞች፣ ለልምምድ ስንወጣ ከሻንጣችን ውስጥ ከካርቶን የተቆረጡ የፊደል ካርዶችና አንድ መመዝገቢያ ደብተር አይጉደል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዚያ ጩኸት መካከል አንድም ፊደል የማይለዩ ልጆች ተደብቀው ሊኖሩ ይችላሉ። እነሱን ፈልጎ ማግኘት የመምህሩ ሥራ ነው፤ ይህም አንድ በአንድ በማዳመጥ ይጀምራል።