ሱፍ፣ ሰሊጥና ኮሌስትሮል

ሱፍ ፍትፍት ሲዘጋጅ ፍሬው ተቀቅሎ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ገለባው ጨርቁ ላይ ቀርቶ ወተት የመሰለው ውኃ ይወርዳል። ውኃውን ያነጣው የፍሬው ቅባት ነው። ከቅባቱ ጋር አብሮ የሚወርድ ሌላም ነገር አለ፤ የዕፅዋት ስቴሮል።

ኮሌስትሮል ለእንስሳት ሴል የሚሠራውን ሥራ ለዕፅዋት የሚሠራው ስቴሮል ነው፤ የሴላቸውን ሽፋን ያጸናል። ሁለቱ በቅርጽ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ስቴሮል ለእኛ የሚሰጠው ጥቅምም የሚመጣው ከዚሁ መመሳሰል ነው። የበላነው ኮሌስትሮል አንጀትን አልፎ ደም ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ሐሞት በሚሠራቸው ጥቃቅን የቅባት እንክብሎች ውስጥ መሳፈር አለበት። ስቴሮል እዚያው ቦታውን ይሻማዋል። ቦታ ያጣው ኮሌስትሮል ከሰገራ ጋር ይወጣል። ስቴሮሉ ራሱስ? ሰውነት የሚወስደው ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሾልኮ የገባውንም አብዛኛውን የአንጀት ሴሎች መልሰው ያስወጡታል።

የጾም ምግብን እንደ ጎደሎ ገበታ የሚያዩ አሉ። በዚህ ረገድ ግን ሙሉ ነው። ሰሊጥ ከምግቦች ሁሉ በስቴሮል ከበለጸጉት አንዱ ሲሆን በ100 ግራም ከ400 እስከ 700 ሚሊ ግራም ይገኝበታል። ሱፍ፣ ተልባና ለውዝም ጥሩ ምንጮች ናቸው፤ ሽምብራና ምስር አነስ ያለ ይዘት ቢኖራቸውም በየቀኑ ስለሚበሉ ድርሻቸው አይናቅም። ቅቤ ውስጥ ያለው ግን ኮሌስትሮል ነው።

የሚያሳዝነኝ የዘይቱ ነገር ነው። የሁመራን ሰሊጥ አብዛኛውን ወደ ውጭ እየላክን የፓልም ዘይት ገዝተን እናስገባለን። የፓልም ዘይት ከሰሊጥ ዘይት ጋር ሲነጻጸር ስቴሮሉ በጣም ጥቂት ነው፤ ግማሽ ያህሉም ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው።

ልኩን ማወቅም ያስፈልጋል። በቀን 2 ግራም ያህል ስቴሮል የሚወስድ ሰው ኤልዲኤሉ ከመቶ ከ8 እስከ 10 እጅ ዝቅ ይላል። ይህን ከሰሊጥ ብቻ ለማግኘት በቀን ከ300 እስከ 500 ግራም መብላት ይጠይቃል፤ ማንም አይችለውም። ፊንላንዶች ከጥድ እንጨት የተገኘ ስቴሮልን ለውጠው ማርጋሪን ውስጥ በመጨመር ቤኔኮል በሚል ስም በ1995 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረቡት ለዚህ ነው። ከተለመደ ምግብ የምናገኘው መጠን ከዚያ በጣም ያንሳል፤ የሚያመጣው ለውጥም መጠነኛ ነው። የልብ ድካምን ማስቀረቱም በቀጥታ አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ሐኪም ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ያዘዘለት ሰው ሱፍ በላሁ ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ስታቲን የሚሠራው ጉበት ላይ ነው፣ ስቴሮል አንጀት ውስጥ፤ አንዱ ሌላውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። ስቴሮል በደማቸው የሚጠራቀምባቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ፤ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ነው፣ ለእነሱ እነዚህ ምግቦች የሚመጠኑት በሐኪም ምክር ነው።