ጤና አዳም በሃይታ ቱኬ ውስጥ

በአረካ ዙሪያ ካላችሁ ጤና አዳም ከጓሮ አይጠፋችሁም። ከእንሰቱ አጠገብ ወይ ከደጃፉ ይበቅላል። ቅጠሉን በጣት ጨፍልቃችሁ አሽቱት። ያ ኃይለኛ ሽታ በቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ነው የሚመጣው።

ወላይታ ውስጥ ቡና ሲባል ፍሬው ብቻ አይደለም። የቡናው ቅጠል ተወቅጦ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣ፣ ከጨውና ከጤና አዳም ጋር ይፈላል። ይኸው ነው ሃይታ ቱኬ፤ የቅጠል ቡና ማለት ነው። ጠዋት የጠጣ ሰው ሆዱ ሞቆለት ወደ ማሳው ይወጣል። የጤና አዳም ፍሬ ደግሞ ደርቆ ከበርበሬ ጋር ይወቀጣል። ሆድ ሲቆርጥ፣ ጉንፋን ሲይዝ ቅጠሉ ይፈላል። ሕፃን ሲያለቅስ «ቡዳ ነው» ተብሎ ቅጠሉ ታሽቶ ያሸትቱታል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ቤት ውስጥ አለች? ጤና አዳም ማኅፀንን ያኮማትራል። ብዙ ቅጠል ቀቅላ ብትጠጣ ደም ሊፈሳት፣ ጽንሱም ሊወርድ ይችላል። በደቡብ አሜሪካ ከጤና አዳም ወገን የሆነውን ተክል ለማስወረድ ብለው የጠጡ ሴቶች ጉበትና ኩላሊታቸው ተጎድቶ የሞቱ አሉ። በስኒ ጣል የምትደረግ አንዲት ቀንበጥና ተቀቅሎ የሚጠጣ እፍኝ ቅጠል አንድ አይደሉም። ቢሆንም ለነፍሰ ጡር ትንሿም ብትቀር ይሻላል። አማት «እኛ ስንጠጣ ኖረን የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። እሳቸውን ማስቀየም አያስፈልግም። የእሷ ሃይታ ቱኬ ለብቻው ይፍላ፤ ዝንጅብሉ ይበቃዋል። ቁርጠቱ ከበረታባት ወይም ደም ካየች ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ለሕፃኑም እንደዚሁ። ትኩሳት ያለው ልጅ ቡዳ ሳይሆን ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል። ወባን ጤና አዳም አይገድለውም። ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር። ቅጠሉን ማሽተቱ ልጁን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በዚያ ሰበብ የሚባክነው ቀን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጤና አዳም በጠራራ ፀሐይ አትቁረጡ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ጠባሳውም ቶሎ አይለቅም። ማለዳ ወይ ማታ ቁረጡት፤ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።